አንድ እስር በቀል

እዚህ ቤት መጀመሪያ የተማርኩት ቃል
ጦም ነበር፤ ቀጥሎ ደግሞ በቀል።

«ሱም አምጪ» ነበር ያለችኝ ኡም ራሺድ፤
እኔ ግን ጦም ሰማሁ። ምን ልስማ ሌላ?
ከሐርቡ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን፣
የአውሮፕላኑን ዳቦ ፈርቼ ሳልበላ።
እጄን አጣምሬ ቆምኩ፣ እሺ ብዬ።
ሳቀች። ከቅርጫቱ አንስታ አሳየችኝ፦
ነጭ ሽንኩርት ነው፣ የቻይና፣ የሕፃን ጡጫ የሚያህል፣
ሐር ለብሶ ድስት ይገባል፤ ገብቶም ምንም አይል።
የእኛ አገሩ ትንሽ ነው፣ ጥፍር ያስለቅሳል፣
ሲወቀጥ ጎረቤት «ማን መጣባችሁ?» ይላል።

በቀልን የሰማሁት አርብ ጧት ነው፣ ሙሐረቅ ገበያ።
እሷ «በገል» ትለዋለች፤ ድዷ ላይ ይለሰልሳል፤
ሻጩ ግን ቁርአን እንደሚቀራ ሰው
ቀ-ውን ከጉሮሮው ግርጌ ያነሳል፦
«በቀል! ትኩስ በቀል! እስሩ በመቶ ፍልስ!»
ፈዝዤ ቀረሁ።
በመቶ ፍልስ!
እኔ ዘንድ ያለው የሦስት ወር ነው፣ ያልተከፈለ፤
ፓስፖርቴም ከልጇ መሳቢያ እንደተቆለፈ አለ፤
በላስቲክ አይታሰር፣
ለሻጭ አይነገር።

ገዛሁ። ቀጭን፣ ጠፍጣፋ ቅጠል ነው፤ ሲያዩት ሣር፣
ሲቀነጥሱት ግን ነጭ ሽንኩርት የሚያወጣ ምሥጢር።
አሮጊቷ ከሳፊ ዓሣ ጋር ጥሬውን በድዷ ታሸዋለች፤
እኔ እከትፋለሁ። ከትፌም ስሩን አልጣልኩ፣
በኒዶ ቆርቆሮ፣ ከኩሽናው መስኮት ተከልኩ።
አጠገቡም እናቴ ለዓይን ብላ
ከቀሚሴ ጠርዝ የሰፋቻትን አንዲት ፍልቃቂ፣
ኤርፖርት ላይ ፈታሹ አሽትቶ የሳቀባትን፣ ቀበርኩ።
ሐምሌ ነው። ውጭው የእቶን ትንፋሽ።
የኤሲው ላብ ጠብ፣ ጠብ እያለ አጠጣቸው፤
በሳምንቱ በቀሉ፣
በቀልና የእናቴ ዘር፣ ጎን ለጎን፣
የቱ የቱ እንደሆነ እኔም አልለየኋቸው።

እንግዲህ ራሺድ ሚስት ሊጠይቅ ሪፋዕ የሄደ ዕለት
ምሳውን ያቀረብኩለት እኔ ነኝ።
ሩዙ ውስጥ ሃያ ፍልቃቂ፣ ጥሬውን፣ በጨው የላመ፣
ላዩ ላይ በቀል፣ እንደ መስክ የለመለመ።
«እጅሽ ይባረክ» አለኝ፣ በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ጣቱን እየላሰ፤
ሽቶ ደፋበት፣ ዑድ ታጠነበት፣ ገሠገሠ።
ከመግሪብ በፊት ተመለሰ።
ስለ ልጅቷም፣ ስለ አባቷም ምንም አላለ።
መስኮት ብቻ ከፈተ። ሌላም መስኮት ከፈተ።

ኡም ራሺድ አሸተተች። ድስቱን አየች። እኔን አየች።
አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች፣ ሳቀች፣ አለቀሰች፤
ከትራሷ ስር የመሳቢያውን ቁልፍ አውጥታ
እጄ ላይ ጣል አደረገችና
«ሱም» አለችኝ።
ጦም አይደለም። ሱም። በደንብ ሰማሁ።

ፓስፖርቴን አገኘሁ፤ የሁለት ወሩንም ገንዘብ።
የሦስተኛው ይኸው እስከ ዛሬ የለም።

አሁን ከጀማነሽ ጋር ነኝ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣
ሁለት ማንኪያ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት።
ቆርቆሮው በረንዳ ላይ ነው፣ ዝገት አውጥቷል።
ምስር ወጡ ሲወርድ እቆርጥና እበትንበታለሁ፤
«ምንድን ነው ይሄ?» ትላለች። «በቀል» እላታለሁ።
«ሲጣፍጥ!» ትላለች፣ እንጀራዋን ከድስቱ ሳታወጣ።

ቂሙስ? ቂሙ ከስሩ ነው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ተውኩት፤
ከእንግዲህ አላጠጣህም ብዬ ስንቴ ነገርኩት።
እሱ ግን
ሲቆርጡት ነው የሚለመልመው።
ዛሬም፣ ከመቁረጤ፣
ጫፉ አረንጓዴ ነው።